እንደ ጨዋ ሰው ይግባኝ መረታት

አሜሪካ ውስጥ ለሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የዲሴቢሊቲ ድጎማ ማመልከቻ አስገብተው «አልተፈቀደም» የሚል ደብዳቤ ደረሰዎት? አይደንግጡ፤ በመጀመሪያው ዙር አብዛኛውን አመልካች የሚደርሰው ይኸው ነው። የሚያስደነግጠው ይግባኝ ብለው ሊፈቀድልዎ መቻሉ ነው። ይህ እንዳይደርስብዎ ቀጥሎ ያለውን ሳይሸራርፉ ይፈጽሙ።

1. ደብዳቤውን አይክፈቱት። የመብራትና የስልክ ቢል ከተከመረበት ያኑሩት፤ ልጅዎ ለታንክስጊቪንግ ከኮሌጅ ስትመጣ ታነብልዎታለች። ይግባኝ ለማለት ያለዎት ጊዜ ደብዳቤው ከደረሰዎ ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ከተጻፈበት ቀን 5 ቀን ቆጥሮ «ደርሶታል» ይላል። እርስዎ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቁጠሩት።

2. የካፌውን ሊቅ ያማክሩ። ማኪያቶውን እያማሰለ «ይግባኙን ተወው፣ እንደ አዲስ ሙላ» ይልዎታል። ይስሙት። ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጀምሮ ሊታሰብልዎ ይችል የነበረው ውዝፍ ክፍያ በዚሁ ሊቀር ይችላል። ከሥራ ከወጡ ቆይተው ከሆነ ደግሞ ታክስ ከፍለው ያገኙት ሽፋን ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። ሊቁ የማኪያቶውን ሒሳብም ለእርስዎ ይተውልዎታል።

3. ሐኪምዎን አያሳዝኑ። ወገብዎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥልዎ አድሯል፤ ጫማዎን ያሰሩልዎ ባለቤትዎ ናቸው። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ» ይበሉ። እሱም የሰማውን ይመዘግባል። ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም ይቆያል ተብሎ የሚገመት፣ አለዚያም ለሞት ያደርሳል ተብሎ የሚጠበቅ፣ ከሥራ የሚያግድ ሕመም ነው። ጉዳይዎን የሚመረምረው ሰው ፋይሉን ሲገልጥ ግን የሚያገኘው በጣም ደህና የሆነ፣ ፈጣሪውን የሚያመሰግን ሰው ነው። ጭንቀትና ድብርት ካለብዎማ ጭራሽ አያንሱት፤ ሰው ይሰማል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ድጎማም እንዳይኖረው እርስዎ ይጨምሩበት።

4. ቅጹ ላይ ሙያዎን ያስመስክሩ። «ምግብ ያበስላሉ?» ለሚለው «ዶሮ ወጥ ሳይቀር» ብለው ይጻፉ። ሽንኩርቱን የከተፈችው እህትዎ፣ ድስቱን ያወረደው ልጅዎ፣ እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ጨው ጨምሩ» ሲሉ የነበሩ መሆኑን አይጻፉ። ስለ ቀድሞ ሥራዎም «ፓርኪንግ» ብለው ይለፉ። ቀኑን ሙሉ ቆመው፣ መኪና ለማምጣት ፎቅ ለፎቅ ሲሮጡ መዋልዎን ማን ጠየቀዎት?

5. መሥሪያ ቤቱ በራሱ ወጪ ሐኪም ዘንድ ቢቀጥርዎ ይቅሩ። ለመረታት ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም።

6. ዳኛ ፊት ሲቀርቡ አስተርጓሚ አይጠይቁ። በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ነፃ ነገር ደግሞ ያጠራጥራል። ይልቅ ለሚጠየቁት ሁሉ «የስ፣ የስ» ይበሉ። «ሳያርፉ ስንት ደቂቃ ይቆማሉ?» ሲባሉ «እንደ ሁኔታው» ይበሉ። ዳኛው አጠገብ ያለው የሥራ ባለሙያ እንዲህ ያለ ሰው ምን ሥራ ይችላል ተብሎ ሲጠየቅ የሥራ ዓይነት ይቆጥርልዎታል። የሕክምና ማስረጃ ቢያንስ ከ5 የሥራ ቀን በፊት መግባት ወይም መኖሩ መገለጽ አለበት፤ እርስዎ የዕለቱ ዕለት በፌስታል ይዘው ይምጡ።

7. ጠበቃ ገንዘብ ይበላል ብለው ይሽሹ። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ካሸነፉ ብቻ፣ ያውም ከውዝፉ 25 በመቶ ሆኖ በ2024 መጨረሻ በወጣው ጣሪያ መሠረት ከ9,200 ዶላር ሳይበልጥ መሆኑን ለማንም አይንገሩ።

8. ዳኛው እምቢ ካሉ በዚያው ያብቃ። ከእሳቸው በላይ የይግባኝ ምክር ቤት፣ ከዚያም የፌዴራል ፍርድ ቤት አለ የሚልዎትን ሰው ነገረኛ ነው ብለው ይራቁት።

ይህን ሁሉ ፈጽመው ከተፈቀደልዎ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። «ደህና ነኝ» ሲሉት ያላመነዎት፣ ሸሚዝዎን አስወልቆ ያየውን የጻፈ ነገረኛ ሐኪም ገጥሞዎታል ማለት ነው።