ጉዳዩ፦ መጋረጃን ይመለከታል

ይድረስ ለክቡር ሥራ አስኪያጅ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤ የመዋኛ ገንዳዎን ስም ከዚህ ደብዳቤ አውጥቼዋለሁ፤ የእርስዎንም እንዲሁ። ማንም አንባቢ ማንነትዎን እንዳያይ በመሃል ጨርቅ ጣል አድርጌበታለሁ ማለት ነው። ጨረታ አላወጣሁበትም፣ ኮሚቴም አላቋቋምኩበትም፣ በጀትም አላስፈቀድኩበትም። ይህን ለምን እንደምነግርዎ ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላድርስ። የክረምቱ የዋና ሥልጠና ጥሩ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደውን የሐምሌ ንፋስ ለሚያውቅ የጉለሌ ሰው ውሃው ሞቅ ማለቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። አሠልጣኞቹ ልጅ ይወዳሉ። በር ላይ ጥበቃው ቦርሳ ይፈትሻል፣ ገንዘብ ያዥዋ ያለ ደረሰኝ ሳንቲም አትቀበልም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለ ኮፍያ መዋኘት፣ በጫማ ወደ ገንዳው መጠጋት፣ ማስቲካ ማኘክ ክልክል መሆኑ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ግርጌው ላይ «ለጠፋ ንብረት ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። ሐቀኛ ሰሌዳ ነው፤ ወላጅ ምን ጥሎ እንደሚወጣ አስቀድሞ ይነግረዋል።

ነገሬ ግን ከገንዳው በፊት ስላለው ክፍል ነው። በሩ ላይ «የልጆች ልብስ መቀየሪያ» ይላል። ውስጡ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በተርታ የተመቱ ሚስማሮች፣ ውሃ ያቆረ የሲሚንቶ ወለልና ቦግ እልም የሚል አንድ ፍሎረሰንት አለ። ወንዱም ሴቷም፣ የአምስት ዓመቱም የአሥራ ሦስት ዓመቷም እዚያው ነው የሚቀይረው። እናት አለች፣ አባት አለ፣ ሞግዚት አለች፣ ታናሹን ሊያመጣ የመጣ ጎረምሳ አለ። በየመሃሉ አሠልጣኙ ፊሽካ እየነፋ «ፍጠኑ እንጂ!» ሊል ብቅ ይላል። በሩ «እርጥበቱ እንዲወጣ» ተብሎ ጨርሶ አይዘጋም። ፊት ለፊቱ ደግሞ ካፌው ነው፤ ማኪያቶ ያዘዘ ሰው ወንበሩን ትንሽ ካዞረ ክፍሉ ወለል ብሎ ይታየዋል።

እኔ ሴት ልጄን ይዤ የምገባ አባት ነኝ። የሰው ልጅ እንዳላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። የመብራት ቆጣሪያችሁን መለያ ቁጥር በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ምናልባት ከጠፋባችሁ ጠይቁኝ። ሌሎቹም አባቶች ከጎኔ ተደርድረው ግድግዳ ያያሉ። የተቀጡ ተማሪዎች መስለናል። ልጄ ከኋላዬ ፎጣዋን በጥርሷ ነክሳ ይዛ በአንድ እጇ ከእርጥቡ የዋና ልብስ ጋር ትታገላለች፤ በሌላው እጇ የፎጣውን ጫፍ ትሰበስባለች። ሦስተኛ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው። አፏ ስለተያዘ «አባዬ እንዳትዞር» የምትለው በአፍንጫዋ ነው።

ዝናቡ ሲጠና እናቶች መላ ዘየዱ። ይዘውት የመጡትን ጃንጥላ ክፍሉ ውስጥ ዘርግተው በጎን ይይዙታል፤ ልጁ ከጀርባው ሆኖ ይለብሳል። ድንገት ለገባ ሰው ጣሪያው የሚያፈስ ይመስለዋል። (ለነገሩ ያፈሳል። እሱን በሌላ ደብዳቤ እመጣበታለሁ።)

ክፍሉ መጋረጃ እንዲሰቀልለት በቃል ጠይቄዎት እንደነበር አይረሱትም። ሰኔ ላይ «የበጀት ዓመቱ ተዘግቷል» አሉኝ። ሐምሌ ላይ «አዲሱ በጀት ገና አልተለቀቀም» አሉኝ። በሰኔ 30 እና በሐምሌ 1 መካከል ባለችው ሌሊት ብመጣ ኖሮ መጋረጃው ይሰቀል ነበር መሰለኝ። ሲያጅቡኝ ግን በር ላይ ሆነው የልብዎን ነገሩኝ፦ «ልጆች እኮ ናቸው፤ ልጅ ምን ያፍራል?»

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ልጅ አሳድገው ያውቃሉ። የሦስት ዓመት ሕፃን ከመታጠቢያው አምልጦ በእንግዳ መሃል እርቃኑን ሲሮጥ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ያው ልጅ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ማንም ሳይነግረው «በሩን ዝጉልኝ» ይላል። እኛም ብንሆን «ሸፈን በይ»፣ «ነውር ነው» የምንለው እግር ሲተክሉ ጀምረን ነው። አሁን አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቱም ወላጁም ሰውነትሽ ያንቺ ነው፣ ማንም እንዳያይሽ፣ ማንም እንዳይነካሽ፣ ካልተመቸሽ እምቢ በይ እያለ ያስተምራል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ይህን የተማረች ልጅ ቅዳሜ ከእናንተ ክፍል ስትገባ በማታውቀው ጎረምሳ ፊት ቶሎ ቶሎ አውልቂ ትባላለች። ብታመነታ ፊሽካ ይነፋባታል። እምቢ ማለት እንደማያዋጣ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም፤ ለዚህኛው ትምህርት ተጨማሪ ክፍያ ስላልጠየቃችሁን እናመሰግናለን።

ሕጉን ካነሳን ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ሊወጡ ልክ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው! የአማፅያኑ ጦር ወደ ዋና ከተማዋ እየተጠጋ፣ አገዛዙ ሊፈርስ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ የልጅ ገመና መከበር አለበት የሚል አንቀጽ 16 ያለበትን ሰነድ ለመቀበል ጊዜ ተገኝቷል። እርስዎ ጋ ጦርነት የለም። ያለው የክረምት ኮርስ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት ይከበር ሲል የሚያወራው ስለ ማንኛውም ሰው ነው፤ ቁመት አልለካም። አንቀጽ 36 ደግሞ ልጆችን የሚመለከት ነገር ሁሉ ሲወሰን ጥቅማቸው ይቅደም ይላል። ከካፌው ወንበር አቀማመጥ መቅደም አለመቅደሙን ግን በግልጽ አላስቀመጠም፤ ክፍተቱን ተጠቅማችሁበታል።

«እኛ ቀበና ወንዝ እርቃናችንን እየዋኘን አይደል ያደግነው» ያሉኝንም አልረሳሁትም። እውነት ነው። ግን ቀበና ላይ የወንዙን መታጠፊያ የመረጣችሁት እናንተው ልጆቹ ነበራችሁ። ሴቶቹ ከቋጥኙ ማዶ የራሳቸው ቦታ ነበራቸው። አንድ ሽማግሌ ዳር ቆሞ ሲያይ ቢገኝ ልብስ የሚያጥቡት እናቶች በድንጋይ ያባርሩት ነበር እንጂ ማኪያቶ አያቀርቡለትም። ደግሞ ማንም በኪሱ ካሜራ አልያዘም።

ስለ ካሜራ ካነሳሁ፦ በቅርቡ አንድ አባት ልጁ ገንዳውን ሳይቆም አቋርጦ በመውጣቱ ተደስቶ በስልኩ እየቀረጸ ተከትሎት መቀየሪያው ክፍል ድረስ ገባ። ደስታው የእውነት ነው፣ ማን ይፈርድበታል። ካሜራው ግን የእሱን ልጅ ከሌላው ልጅ አይለይም። ቪዲዮው ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ነበር፤ ከጀርባ ፎጣ የነከሱ ልጆች ይታያሉ። በእንግሊዝ አገር የዋና ማኅበሩ የልጆች ጥበቃ መመሪያ በመቀየሪያ ክፍል ፎቶም ቪዲዮም ማንሳትን ፈጽሞ ይከለክላል። የእናንተ ሰሌዳ ማስቲካ ይከለክላል።

ይህ የዓይን ነገር ቀላል እንዳይመስልዎ። በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ዋናተኛችን ሮቤል ኪሮስ በሪዮ ኦሊምፒክ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ዋኝቶ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ አስመዘገበ፤ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ወጣ። ዓለም «ዓሣ ነባሪው» ብሎ ሲሳለቅበት የሰነበተው ግን ሰዓቱን አይቶ አልነበረም፤ ሆዱን አይቶ ነው። እሱ ያኔ አዋቂ ነበር፣ የአገር ሰንደቅ ተሸክሞ በመክፈቻው ላይ የተራመደ ሰው ነበር። እዚያ አግዳሚ ላይ የሚቀመጠው ወፈር ያለ የአሥር ዓመት ልጅ ግን የሚሸከመው ቦርሳውን ብቻ ነው። ጓደኞቹ በዚያው ስም ሲጠሩት ሰምቻለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሆዴን አመመኝ አለ፣ በሦስተኛው አልመጣም። እናቱ ውሃ ፈርቶ ነው ብላ ታምናለች።

ነገሩ ወደ ሞት የሚጠጋው እዚህ ላይ ነው፤ ቀልዱን ትንሽ ላቁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው ሰምጦ መሞቱን ጽፏል፤ ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ከሚገድሉት ነገሮችም መስጠም ሦስተኛው ነው። በከተማችንም ክረምት በመጣ ቁጥር የካባ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፣ ወንዞቻችንም ይደነፋሉ፣ የእሳትና አደጋ ሠራተኞችም ለዋና የገባ ልጅ አስከሬን ሲያወጡ በዜና እንሰማለን። ዋና መማር በዚህ ምክንያት ቅንጦት አይደለም። መቀየሪያውን ሸሽቶ ሥልጠናውን የተወ ልጅ ጉድጓዱን አይተውም፤ ጉድጓዱ ፊሽካም ተመልካችም የለበትማ።

ወደ መጋረጃችን እንመለስ። ይህች ከተማ የተወለደችው ገላ መታጠብ ከወደዱ ሰዎች ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእኛው ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት በ1879 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የተባለችውም ያኔ ነው። በቤተ መንግሥቱ ግብር ንጉሠ ነገሥቱ ሲበሉ እንኳ መጋረጃ ይጋረድ ነበር። ጉርሻ ሲጎርሱ! በኦሪቱ ኖኅ በወይን ጠጅ ሰክሮ እርቃኑን በተኛ ጊዜ ሴምና ያፌት ልብስ በጫንቃቸው ይዘው የኋሊት እየተራመዱ ሸፈኑት። የኋሊት መራመዱን እኛ አባቶች ችለነዋል፤ የጎደለው ልብሱ ነው።

ልብስ ደግሞ የት ጠፍቶ? ክቡር ሆይ፣ ያለነው እኮ ጉለሌ ነው። ከበርዎ ታክሲ ቢይዙ ሽሮ ሜዳ ነው። አባቶቻቸው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰድደው መወርወሪያ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ለሙሽራ፣ ለጥምቀት፣ ለዳያስፖራ፣ ለአገር መሪ ስጦታ የሚሆን ጨርቅ ከዚህ ክፍለ ከተማ ይወጣል። የአገሩን ሰው ሁሉ በሚያለብስ መንደር ውስጥ ልጆቻችን በጃንጥላ ይሸፈናሉ። ጥለት ያለው ጥበብ አልጠየቅንም። አቡጀዲ ይበቃናል።

አንድ ያነሱት ነጥብ ግን ቁም ነገር አለው፤ አላልፈውም። «መጋረጃ ከተሰቀለ ከጀርባው የሚሆነውን ማን ያያል? ልጅ ቢጎዳስ?» ብለውኛል። ትክክል ነው፤ መሸሸጊያ የሚፈልገው ሁሉ አፋር አይደለም። መላው ግን ቀላል ነው። መጋረጃው ከልጅ ጉልበት በታች አይውረድ፤ ስንት እግር ከጀርባው እንዳለ ከውጭ ይቆጠራል። በአንድ መጋረጃ አንድ ልጅ፤ ትንሽ ከሆነ የራሱ ወላጅ ይጨመር። አዋቂ ልብሱን ልጆች ባሉበት አይቀይር። ስልክ በር ላይ ይቅር፤ ጥበቃው ቦርሳ መፈተሹን ካወቀበት ይህንም አያቅተውም። ሴቶቹ ሲገቡ ወንዶቹ አሥር ደቂቃ ይቆዩ። በሩም ይዘጋ፤ እርጥበቱ በመስኮት ይውጣ፣ መስኮት የተሠራው ለዚያ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ካልሆነ ጨርቁ ብቻውን እንደማይጠብቃቸው አውቃለሁ። እርስዎ ግን ጨርቁ ሁሉን ስለማይጠብቅ ጨርቁም ይቅር ብለው ደመደሙ። በዚህ ስሌት ገንዳው አጠገብ የተሰቀለው የሕይወት አድን ቀለበትም መውረድ አለበት፤ እሱም ሁሉን አያድንማ።

መቼም በመጋረጃ አያምኑም እንዳልል ቢሮዎን አይቻለሁ። መጋረጃው ባለ ሁለት ድርብ ነው፤ ከውስጥ ነጭ ስስ፣ ከውጭ ቡናማ ከፋይ፣ ዳርና ዳሩን በወርቃማ ገመድ የታሰረ፣ ግርጌው መሬት የሚጠርግ። መስኮቱ የሚያሳየው የጀነሬተር ቤቱን ግድግዳ ነው። ማንም አያይዎትም። ቢያይዎትም ሙሉ ልብስ ለብሰው ነው የሚያይዎት፤ ከራቫትዎ ጭምር። የድርጅታችሁ አባላት መቀየሪያም ቢሆን እያንዳንዱ ክፍል መዝጊያና መቀርቀሪያ አለው። ስለዚህ የመሸፈን ጥቅም በድርጅቱ ዘንድ የታወቀ ነው። የቀረው ለማን እንደሚገባ መወሰን ነው።

ክፍሉን በእርምጃ ለክቼዋለሁ። ሦስት ሽቦ፣ ጥቂት ቀለበትና አንድ ጥቅል አቡጀዲ ይፈልጋል። ወላጆች ገንዘቡን ለማዋጣት ተስማምተናል። ሰፊም አግኝተናል። የሚቀረን የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ያለበት «ሚስማር ለመምታት የተሰጠ ፈቃድ» ብቻ ነው። በጀት ዓመቱ ሳይዘጋ፣ ወይም ከተዘጋ በኋላ፣ ወይም በመካከሉ ቢልኩልን ደስ ይለናል።

ከሰላምታ ጋር
ግድግዳ የሚያየው አባት

ግልባጭ፦
ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፤ ለመረጃ ያህል
ጃንጥላ ለሚይዙ እናቶች፤ ክንዳቸውን እንዲያሳርፉ
ለካፌው፤ ወንበሮቹን ወደ ገንዳው እንዲያዞር
ለቢሮዎ መጋረጃ፤ የዝውውር ጥያቄ ሊቀርብበት ስለሚችል