የማይሳሳተው ጥናት

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ መምረጥ ያስጨንቃል የሚሉ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች አሉ። አትስሟቸው። በትምህርት ጥናት ርዕስ አይመረጥም፤ ይሞላል። ተከታታይ ምዘና፣ የማንበብ ክሂል፣ ሱፐርቪዥን፣ የክፍል አያያዝ፣ ብቻ አንድ የተገኘ ነገር ይያዛል። ከኋላው «አተገባበርና ተግዳሮቶቹ» ይቀጠላል። ቀጥሎ የአንድ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ስም ይገባና «በ9ኛ ክፍል ተተኳሪነት» ተብሎ ይዘጋል። እንደ ጋቢ ለማንም ቁመት የሚበቃ ርዕስ ነው። ወረዳው ሲለወጥ አዲስ ጥናት ይወለዳል፤ ክፍሉ ከ9ኛ ወደ 10ኛ ከተዛወረ ደግሞ «እስካሁን ያልተጠና ክፍተት ተሞላ» ይባላል። አገሪቱ ስንት ወረዳ እንዳላት የሚያውቅ ሰው ለትምህርት ምርምራችን የወደፊት ዕጣ አይሰጋም።

እኔ ይህን የጥናት ዓይነት ከልቤ አደንቃለሁ። ጥራቱ ወደቀ ተብሎ የሚታማው ትምህርቱ ነው እንጂ የትምህርት ጥራት ጥናት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ አገር ደንግጦ ነበር። በዓመቱ 3.2 ሆነ፤ በ2016 ወደ 5.4 ከፍ ሲል እፎይ ያለም አለ። የጥናቱን ዓለም የሚያውቅ ሰው ግን ምኑ ያስደነግጠዋል? 3.3 በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ የቆየ ወዳጅ ነው። ከአምስት የሚታሰበው የመላሾች አማካይ 3.3 ሲሆን አጥኚው «አተገባበሩ በመካከለኛ ደረጃ ላይ ይገኛል» ብሎ ይተረጉመዋል። የፈተናዎች አገልግሎትም ውጤቱን በመጠይቅ ቢሰበስበው ኖሮ ያ ሁሉ ድንጋጤ ባልመጣ ነበር።

መጠይቁ የነገሩ ሁሉ ልብ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሬንሲስ ሊከርት በ1932 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ የሰዎችን አመለካከት በደረጃ ለመለካት የታሰበ ነበር። ሰውየው ልኩን ያውቅ ነበርና እዚያ ላይ ቆመ። እኛ ግን ክፍል ውስጥ የሚሆነውንና የማይሆነውን ሁሉ በዚሁ እንለካለን። «ተማሪዎቼን በንቃት አሳትፋለሁ» ተብሎ ይጻፍና ከጎኑ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሣጥን ይደረደራል። መምህሩ በሻይ እረፍት፣ እጁ ላይ ያለውን ጠመኔ ሳያራግፍ፣ ምልክቱን ያደርጋል። እንግዲህ ስለ ራሱ ተጠይቆ «ኧረ እኔ ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ ነው የማስገለብጠው» የሚል ሣጥን የሚፈልግ ማን አለ? ቢፈልግስ የትኛው ሣጥን ነው?

ርዕሰ መምህሩ በተራው «ለመምህራን ሙያዊ ድጋፍ እሰጣለሁ» በሚለው ይስማማል። መምህራኑ «ርዕሰ መምህሩ ሙያዊ ድጋፍ ይሰጡናል» በሚለው አይስማሙም። ኤስፒኤስኤስ የተባለው ፕሮግራም ሁለቱን ያነጻጽርና «በሁለቱ መላሽ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት ታይቷል» ብሎ ያውጃል። አለቃና ምንዝር አንድ ነገር በአንድ ዓይን አያዩም ማለት ነው። ይህን እናቶቻችን ያለ ኮምፒውተር ያውቁት ነበር፤ ዲግሪ ስላልያዙበት ግን ግኝት አይባልም።

የናሙናው ጥበብ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። ክሬጅሲና ሞርጋን በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሠንጠረዥ አለ፤ የሚጠናው ሕዝብ ቢበዛ ቢበዛ ናሙናው 384 ላይ ይቆማል። ሠንጠረዡ ሰዎቹ በዕጣ እንዲመረጡ ያስባል። እኛም ዕጣ እናወጣለን፦ በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በአሥር ሰዓት፣ ላልሄደው ይደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ አስተማማኝነቱን የሚያረጋግጠው ክሮንባህ በ1951 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አልፋ ነው፤ ከ0.7 በላይ ከሆነ እሰየው። እዚህ ላይ ለጀማሪ አጥኚዎች አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ። የደከመው መምህር ጥያቄዎቹን ሳያነብ አራተኛውን ሣጥን ከላይ እስከ ታች ቢያወርደው፣ ጎረቤቱ ደግሞ ሦስተኛውን እንደዚሁ ቢያወርደው፣ መልሶቹ እርስ በርሳቸው ፍጹም ይስማማሉና አልፋው ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ባልተነበበ ቁጥር የሚታመን መጠይቅ ከዚህ ሌላ አላውቅም።

ክፍል ውስጥ ገብቶ ማየትስ? ይታያል እንጂ። «የክፍል ምልከታ» የሚል ንዑስ ርዕስ የሌለው ጥናት ጉድለት አለበት። አጥኚው በቀጠሮ ይመጣል፤ መምህሩ ያን ዕለት ሰባውን ተማሪ አንድ ለአምስት አደራጅቶ ይጠብቀዋል፤ ጎበዟ ልጅ ተነሥታ ታቀርባለች፤ ይጨበጨባል። አጥኚው በመዘርዝሩ ላይ «አለ» በሚለው ሥር ምልክት ያደርጋል። በማግስቱ ወንበሩ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አጥኚው ግን በማግስቱ ትንተና ላይ ነው።

ግኝቶቹን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። የተማሪ ቁጥር ከክፍሉ መጠን በላይ መሆን፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ተነሣሽነት ማነስ፣ የተማሪዎች ፍላጎት ማጣት፣ የሥልጠና አለመኖር፣ የአመራሩ ክትትል መላላት። እነዚህ ስድስቱ ፖሊሲ ሲሄድ ፖሊሲ ሲመጣ ከሥፍራቸው ንቅንቅ አይሉም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ፕላዝማ በየሁለተኛ ደረጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ማስተማር ሲጀምር ያልተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ የለም። ተደርሶበታልም፦ የፕላዝማው መምህር ይፈጥናል፤ ተማሪው እንግሊዝኛው ይከብደዋል፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል። ሦስቱንም ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ በአንድ ትንፋሽ ይነግር ነበር፤ ግን የ9ኛ ክፍል ልጅ መጽሐፍ ዋቢ አያደርግም። ፕላዝማው አቧራ ለብሶ ሲቀር ስድስቱ ተግዳሮቶች አቧራቸውን አራግፈው ወደሚቀጥለው ርዕስ ተሻገሩ።

ነገሩን ታሪክ ለሚወድ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። በዚህች አገር አንድ የትምህርት ጥናት በእርግጥ የተነበበበት ዘመን ነበር። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ክለሳ በ1966 ወደ አደባባይ ሲወጣ፣ አብዛኛውን ልጅ ከአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት በኋላ ያስቀረዋል፣ የመምህሩንም ኑሮ ይጎዳል ተብሎ ተፈራ። መምህራን በየካቲት ሥራ አቆሙ፤ ወላጅና ተማሪ አብሮ ጮኸ፤ መንግሥት ወደ ኋላ አለ። በመስከረም ደግሞ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ክለሳው ብቻውን አላወረዳቸውም፤ የወሎ ረሃብም፣ የነዳጁ ዋጋም፣ የወታደሩ ማጉረምረምም ነበሩበት። ቢሆንም ትምህርት ተወስዶበታል። ከዚያ ወዲህ በየቤተ መጻሕፍቱ ከተደረደሩት ጥቁር ጥራዞች ውስጥ ሥራ የሚያስቆም አንድም አልወጣም። ይህ የሰላም አስተዋጽኦ ነው፤ ለምን እንደማይመሰገን አይገባኝም።

ከዩኒቨርሲቲ ወርዶ ትምህርት ቤት የሚገባ ሰው ደግሞ ተግባራዊ ምርምርን ያገኛል። ኩርት ሌዊን በ1946 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ሲጽፍ የፈለገው ሥራ ላይ ያለው ሰው የገዛ ችግሩን እያጠና፣ እየሞከረ፣ እያረመ እንዲሄድ ነበር። ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ለመምህር አይመጣም። እኛም ስለ ወደድነው ከደረጃ ዕድገት ጋር ሰፋነው። ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር የሚያደርስ እርከን አለ፤ በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ አለ፤ ማኅደር አለ፤ በማኅደሩ ውስጥ ምርምር መኖር አለበት። ስለዚህ ይኖራል። «የ7ኛ ለ ተማሪዎች የሚያረፍዱበት ምክንያትና መፍትሔው»። ከጣልቃ ገብነቱ በፊት ዐሥራ አራት ያረፍዱ ነበር፤ መምህሩ መከረ፣ ወላጅ አስጠራ፣ ክትትል አደረገ፤ አሁን የሚያረፍዱት ሁለት ብቻ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መምህር በዚያው ትምህርት ቤት ያንኑ ማርፈድ ያገኘዋል፤ እንደገናም ይፈታዋል። የሕክምና ተመራማሪ እንኳ አንዳንዴ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ይጽፋል። በትምህርት ቤቶቻችን ያልተሳካ ተግባራዊ ምርምር አይቼ አላውቅም።

በመምህሩ አልፈርድም። በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር፣ ከዚያ ተርፎ የግል ጥናት እያስጠና የቤት ኪራይ የሚሞላ ሰው ምርምር አምጣ ሲባል ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ቢሄድ ያስኬደዋል። ፎቶ ኮፒ ቤቱም አያሳፍረውም። ያምናው ጥናት በፍላሽ ተቀምጧል፤ ሽፋኑ ይቀየራል፤ ሰባተኛው ገጽ ላይ የሌላ ትምህርት ቤት ስም ሳይጠፋ ቢቀር ገምጋሚው እስከ ሰባተኛው ገጽ አይደርስም። በዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ በየምሰሶው «ፕሮፖዛል፣ አሳይመንት፣ ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፎ ሲታይ ቅር የሚላቸው አሉ። ዕውቀት እስከ መብራት ምሰሶ ወርዶ ለሕዝብ መቅረቡ ቅር የሚያሰኝ አይመስለኝም። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጣና የአማካሪዎቹን እንጀራ ሊነካ ነው፤ ለእነሱም አንድ ጥናት ይገባቸዋል፣ ተግዳሮቶቻቸውን የሚዘረዝር።

የዩኒቨርሲቲ መምህራንም ከዚህ በረከት አልተለዩም። የማስተማር ሙያቸውን እንዲያሻሽሉ ተብሎ በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ተግባራዊ ምርምር ሠርተው ይወጣሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስላይድ እያነበበ የሚያስተምር ሰው የሚመርጠው ርዕስ «የተማሪዎች የክፍል ተሳትፎ ማነስ ምክንያቶች» ነው። ምክንያቱ ሲገኝ ተማሪዎቹ ዓይን አፋር ሆነው ይገኛሉ።

የጥናቱ ዘውድ የመፍትሔ ሐሳቡ ነው። «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።» ይህን አካል ለማግኘት ብዙ ጥራዝ አገላብጫለሁ። ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም በስም አይጠራውም። መጽሐፍ ሊያቀርብ ይገባዋል፤ ሥልጠና ሊያዘጋጅ ይገባዋል፤ ግንዛቤ ሊያስጨብጥ ይገባዋል። የሥራው ብዛት ያሳዝናል። አንድ ሥራ ብቻ አልተጣለበትም፤ ጥናቱን ማንበብ። ጥራዙ ለትምህርት ክፍሉ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ፣ ለአማካሪው ይታደላል፤ መጠይቁን የሞላው ትምህርት ቤት ግን «ለትብብርዎ በቅድሚያ እናመሰግናለን» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ደርሳዋለች፤ ይበቃዋል። መጨረሻ ላይ «ሌሎች አጥኚዎች በጉዳዩ ላይ ሰፋ ያለ ጥናት ቢያካሂዱ» ይባላል፤ በሚቀጥለው ወረዳ ያለው ተማሪም ይህን ጥሪ አክብሮ ይነሣል።

ከዚህ ሁሉ ሥርዓት ያፈነገጠ አንድ ጥናት አስታውሳለሁ። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና አመለካከት አልጠየቀም። ልጁን አጠገብ አስቀምጦ፣ ወረቀት ሰጥቶ፣ ሰዓት ይዞ «አንብብ» ነው ያለው። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። እንዲህ ያለ ጭካኔ! «በመካከለኛ ደረጃ» ብሎ የሚያለዝበው ሣጥን እንኳ አልተዘጋጀለትም።

እንበልና አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ይህን ሰምታ፣ ሰፈሯ ካለው ትምህርት ቤት ሄዳ ልጆቹን አንድ በአንድ ላስነብብ ብላ ንድፈ ጥናት ይዛ ቀረበች። አማካሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው ያዩዋታል። «መጠይቁ የታለ ልጄ?» መጠይቅ የለኝም፤ ሲያነቡ እሰማለሁ ትላለች። «መስማት መረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ ነው እንዴ? አልፋውን ከየት ልታመጪው ነው?» የውጭ ፈታኙ ደግሞ የሠንጠረዡ ርዕስ ከላይ ይሁን ከታች የሚለውን ካነሡ በኋላ፣ ዓላማዎቿ በግስ እንዲያልቁ ያሳስቧታል፤ የርዕሳነ መምህራን ድምፅ አለመካተቱም ያሳስባቸዋል። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ በሳምንቱ አስተካክላ ትመለሳለች። «የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን የማንበብ ክሂል ለማዳበር የርዕሳነ መምህራን ሚና፦ አተገባበርና ተግዳሮቶቹ»። ያለ አንድ ተቃውሞ ያልፋል። ልጆቹ ከናሙናው ወጥተዋል፤ መጠይቁን ማንበብ ስለማይችሉ።