ስድስት ሰቃይ በአንድ ዶርም

ዩኒቨርሲቲ የገባ የገጠር ልጅ ሻንጣውን ገና ከእጁ ሳያወርድ የሚሰማው ወሬ ደስ አይልም። ከላይኛው አልጋ የተጋደመው ልጅ ከወረዳው አንደኛ ነበር። የታችኛውም አንደኛ ነበር። በሩ ሥር ካልሲ የሚያጥበው ቀጭን ልጅማ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ሁለተኛ ወጥቶ አያውቅም። ሰፈሩ በሙሉ «የኛ ሰቃይ» ብሎ መርቆ የሸኘው ጀግና፣ ስድስት ሰቃይ በሚያድርበት ክፍል በአንድ ከሰዓት ተራ ሰው ይሆናል።

ይህ የሆነው በዋዛ አይደለም። በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በእንዲህ ያለ ዘመን ያለፈ ልጅ ለእናት አባቱ ብቻ አይቀርም፤ ቀበሌው ይካፈለዋል። በግ ይታረድለታል፤ ዲፓርትመንት ሳይመርጥ «ዶክተር» ይባላል። ይህን ሁሉ ተስፋና አንድ ከረጢት በሶ ተሸክሞ ነው እንግዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ወደ መደበው ከተማ የሚሳፈረው።

ከዚያ ሎጂክ ይመጣል።

ፍሬሽ ሁሉ የሚወስደው የዚህ ኮርስ አምስተኛ ምዕራፍ፣ ሰዎች ሲከራከሩ የሚሠሯቸውን ስሕተቶች በየስማቸው ይዘረዝራል። ክፍል ውስጥ አልገባ ያለው ነገር ዶርም ሲደርስ በአንድ ምሽት ይገባል። ቆሻሻ የመድፋት ተራው ደርሶ «አንተ መች ደፍተህ ታውቃለህ?» ያለ ልጅ «ቱ ኩዎኩዌ!» ተብሎ ይወገዛል። «አንተ ሶሻል ነህ፣ ስለ ማትስ ምን ታውቃለህ?» ያለው ደግሞ «አድ ሆሚነም!» ይወርድበታል። ክርክሩ እየጠራ፣ ቆሻሻው ግን በሩ ሥር እየተከመረ ይሄዳል።

ፈተናው ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ሌሊቱን ላይብረሪ ሲቸክል ያደረው ሰቃይ ዲ ያያል። የወረዳው አንደኛ፣ ዲ! እናቱ ደውለው «ፈተናው እንዴት ሆነልህ ልጄ?» ሲሉት፣ «እማዬ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ይላል።

በማግስቱ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል፦ «መምህር፣ አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ዘጠኝ ልጆች ነን፤ ዋርኒንግ ከመጣብኝ…»

«ቆይ» ይላሉ መምህሩ፣ «ይሄ አሁን የምትለው ነገር ምዕራፍ አምስት ላይ ምን ይባላል?»

ልጁ አቀርቅሮ «አፒል ቱ ፒቲ» ይላል።

«ጎበዝ! ፈተናው ላይ እንዲህ ብትመልስ ኖሮ ሲ ታገኝ ነበር።»

ለመመረቅ ቢያንስ 2.00 አማካይ ነጥብ ያስፈልጋል። የአንድ ዲ ዕዳ ደግሞ የሚወራረደው እኩል ክሬዲት ባለው አንድ ቢ ነው። ቢዋ ከየት ትምጣ? እዚህ ላይ ነው ያ ያስደነገጠው ዶርም ሥራ የሚጀምረው። ካልሲ አጣቢው ማትስ ያስረዳል፣ ሶሻል ተብሎ የተሰደበው ጂኦግራፊ ያስጠናል፣ ጎረቤት ዶርም ያለ ሲኒየር የአምናውን ፈተና ፎቶ ኮፒ ይዞ ብቅ ይላል። በሶው በሃይላንድ ተበጥብጦ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በሶው ባይኖር ኖሮ ሌሊቱ አይገፋም ነበር፤ ለዓመታት መንግሥት ለአንድ ተማሪ ቁርስ፣ ምሳና ራት የመደበው በጀት በቀን 15 ብር፣ በኋላም 22 ብር ነበርና። ለአንድ ማዕድ ሰባት ብር ከምናምን መሆኑ ነው፤ በዚህ ሒሳብ ከግቢው በር ውጭ ማኪያቶ አይጠጣም። በጀቱ 100 ብር የገባው በ2017 ዓ.ም ነው። ካፌው በዚህ ሁሉ ዘመን ከሽሮ ጋር የነበረውን ታማኝነት አላጓደለም።

እንዲህ እየተገፋ ጂሲ፣ የመመረቂያው ዓመት፣ ይደረሳል። ድሮ ቢሆን ቀሪው ሱፍ ማሰፋትና ፎቶ መነሣት ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ግን የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ የለውም። ስለዚህ ስድስቱ ሰቃዮች ከፍሬሽ ዘመን የተረፈ ሞጁል ሳይቀር ከአልጋ ሥር እየጎተቱ፣ አቧራውን እያራገፉ፣ ማን ምን እንደሚያስጠና እንደገና ይደለደላሉ።

ያልፋሉ እንበል። ሬጅስትራር በር ላይ የሚጠብቃቸው ግን ኦሪጂናሉ ዲግሪ ሳይሆን ቴምፖ፣ ጊዜያዊው ወረቀት፣ ነው። ፍሬሽ ሳሉ ሳያነቡ የፈረሙት የወጪ መጋራት ውል አሁን ይነበባል፤ ተመራቂው ከትምህርት ወጪው ቢያንስ 15 በመቶውን ሲከፍል፣ የምግብና የመኝታውን ግን ሙሉውን ነው። ትምህርቱን መንግሥት አግዞታል፤ ሽሮውን አልማረውም። ዕዳው ሥራ ከተያዘ በኋላ ከደመወዝ በየወሩ እየተቆረጠ፣ የመጨረሻዋ ጭልፋ ተከፍላ እስክታልቅ ድረስ ኦሪጂናሉ ዲግሪ ከሬጅስትራር መዝገብ ቤት አይወጣም።