ሞልቷል፦ በታክሲ ወንበር ድልድል ላይ የተደረገ የመስክ ጥናት

ጥቂት ወንበርን ለብዙ ፈላጊ በፍትሕ ማደላደል የሰው ልጅ የቆየ ራስ ምታት ነው። ይህ ጥናት የተካሄደው መገናኛ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ወደ አያት በሚጭኑ ታክሲዎች ተራ ነው። ናሙናው አንድ ሰልፍ ሲሆን የተመረጠበትም ምክንያት ተመራማሪው አያት ስለሚኖር ነው። መረጃው የተሰበሰበው በሁለት እግር ቆሞ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ላስ ቬጋስ በተካሄደው፣ ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር በተባለው የካርታ ጨዋታ ዋና ውድድር 6,494 ሰዎች ሲገቡ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ግን የመግቢያውን 10,000 ዶላር ይዘው መጥተው ቦታ የለም ተብለዋል። ከመካከላቸው ስመ ጥር ተጫዋቾችም ነበሩ፤ እጅግ ተቆጡ። መገናኛ ላይ ዝርዝር ብር ጨብጦ «ሞልቷል» መባል የየማታ ነገር በመሆኑ በዘርፉ ያለን ልምድ ሰፋ ይላል።

የመጀመሪያው ዘዴ «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይግባ» ነው። ድክመቱ «መጣ» የሚለው ቃል አለመተርጎሙ ነው።

«እህቴ፣ ሰልፉ ከኋላ ነው።»
«እዚህ ነበርኩ እኮ!»
«መቼ?»
«ካርድ ልገዛ ሄጄ ነው። ይጠይቋት፣ እሷ ይዛልኛለች።»

የተጠየቀችው አንገቷን ነቀነቀች። በዚህ ስሌት 4ኛዋ ሰልፈኛ በሩ ሲከፈት ሦስት ሰው ሆና ተገኝታለች።

ሁለተኛው ዘዴ ለአቅመ ደካማ ቅድሚያ መስጠት ነው። ይህን የሚቃወም አልተገኘም። ሆኖም «እማማ ይግቡ እንጂ!» ብሎ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ወይ 1ኛው ሰልፈኛ ነው፣ ወይ 30ኛው። ባለ 12 ወንበር ሚኒባስ ፊት 12ኛ የቆመው ሰው በዚያች ቅጽበት ስልኩን ያያል።

ሦስተኛው ዕጣ ነው። ዕጣ ክብር ያለው ነገር ነው፤ ሐዋርያት በይሁዳ ቦታ ማትያስን የተኩት በዕጣ ነው፣ ዕቁብም ያለ ዕጣ አይሆንም። በታክሲ ተራ ዕጣ የሚወጣው ዝናብ ሲጥል ነው። ሰልፉ ይፈርስና የታክሲው በር ፊቱ የቆመለት ሰው ባለዕጣ ይሆናል። ክርን ዕድልን እንደሚያግዝ ታይቷል።

አራተኛው ጨረታ ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ዊልያም ቪክሬይ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ በታሸገ ጨረታ አሸናፊው ራሱ ያቀረበውን ሳይሆን ሁለተኛ የወጣው ተጫራች ያቀረበውን ዋጋ ቢከፍል ሁሉም እውነተኛ ዋጋውን እንደሚናገር አስረዳ፤ በ1996 ኖቤል ተሸለመ። የታክሲ ረዳት ሐሳቡን አቅልሎታል፦ ሲመሽ ዋጋውን ራሱ ይጠራል፣ ሁሉም ይከፍላል። መንገዱን ቆርጦ ሲጭን ደግሞ አንዱን ወንበር ሁለቴ ይሸጣል። በኢኮኖሚክስ ትርፍ ማለት ከወጪ የተረፈ ገቢ ነው፤ በታክሲ ግን ትርፍ ማለት ሰው ነው፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ተብሎ ይገባል።

እስከዚህ ድረስ ተመራማሪው አራቱንም ዘዴዎች ኢፍትሐዊ ብሎ ለመደምደም ተዘጋጅቶ ነበር። 14ኛ ነበር። ታክሲው መጣ፣ አስራ አንድ ሰው ገባ። 12ኛና 13ኛ የቆሙት እጅ ለእጅ የተያያዙ ጥንዶች ነበሩ።

«ብቻውን የሆነ አንድ ሰው!» አለ ተራ አስከባሪው።

ጥንዶቹ ተያዩ። እጃቸው አልተላቀቀም። ተመራማሪው በጎናቸው አልፎ ገባ፤ በሩም ከኋላው ተጎትቶ ተዘጋ።

መረጃው ከኋላ ወንበር ላይ፣ በአራት ሰው መሐል እንደገና ተመርምሯል። አሁን ያለው አሠራር በመሠረቱ ፍትሐዊ ሆኖ ተገኝቷል።