የእኛ ያልሆነው ክዳን

ክዳኑ ሰማያዊ ነው። ምሳ ዕቃችን ቢጫ ነው፤ ሲገዛም ቢጫ ክዳን ነበረው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ልጄ ከሰርቪስ ስትወርድ ቢጫው ምሳ ዕቃ ሰማያዊ ኮፍያ ደፍቶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ እንደ ድሮው አይደለም።

ጭራሽ ባይገጥም ኖሮ በተገላገልን። ግን ሊገጥም ትንሽ ነው የሚቀረው። ሦስቱ ማዕዘን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ብለው ይቆለፋሉ፤ አራተኛው ይለግማል። አራተኛውን ተጭነው ሲያስገቡት የመጀመሪያው ብድግ ይላል። በዚያች በለገመች ማዕዘን የማካሮኒ ዘይት እየሾለከ የፊደል ደብተሯን ከ«ሀ» እስከ «መ» ቀብቶታል። ከ«ሠ» ወዲያ ያለው ለጊዜው ደህና ነው።

ባለቤቴ «ሌላ ግዛላትና ተገላገል» ትላለች። መግዛቱስ ባልከፋ። ግን ክዳን ለብቻው አይሸጥም። ክዳን የፈለገ ምሳ ዕቃውን ሙሉ ይገዛል፤ ያን ጊዜ ቢጫው ዕቃ ራቁቱን ቤት ይቀራል። እንዲህ ያሉ ራቁታቸውን የቀሩ ፕላስቲኮች ኩሽና ውስጥ አሉን፤ አንዱ የነጭ ሽንኩርት፣ አንዱ የቁልፍና የሞተ ባትሪ ማኖሪያ ሆኗል፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይሠራ የሚጣልበትን ቀን ይጠብቃል። እናንተም ቤት አለ፤ አትሸሽጉ።

ስለዚህ ምርመራ ጀመርኩ።

«ክዳንሽ የታለ?»

«ይኸው።»

«ይሄ የኛ አይደለም።»

«ክዳን ነው።»

«የማን ክዳን ነው?»

«የምሳ ዕቃ።»

አምስት ዓመቷ ነው። ጠበቃ አቁማ ብትመጣ ከዚህ የተሻለ መልስ አታገኝም ነበር።

ከእሷ ምንም ሳጣ ነገሩን ከቋንቋው ሥር ልመርምረው አልኩ። የድስት መክደኛ በአማርኛ ግጣም ይባላል። ባለቅኔ የሚጽፈው ደግሞ ግጥም ነው። ሁለት ቡድን ሜዳ ሲወርድ ግጥሚያ፤ ሰው መንገድ ላይ ያላሰበው ነገር ሲደርስበት ገጠመኝ። ሁሉም ከአንድ «ገጠመ» የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። እንዲህ ከሆነ ቤት የማይመታ ግጥም የሚጽፍ ሰውና ይሄን ሰማያዊ ክዳን ያመረተው ፋብሪካ ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሦስት ማዕዘን ገጥመው አራተኛው ላይ ለግመዋል። ይህን እራት ላይ እየተነተንኩ ሳለ ባለቤቴ ከዚሁ ሥር አንድ አገላለጽ ጨመረችልኝ፤ አፌን እንድገጥም።

አያቶቻችን ግን ነገሩን ገና ድሮ ጨርሰውታል። አገልግልን አስቡት። ስፌቱ በቆዳ ተለብዶ፣ ክዳኑ ከነስንቁ በጠፍር ይታሰራል። አገልግል ይዞ ሄዶ የሌላ ሰው አገልግል ክዳን ይዞ የተመለሰ መንገደኛ ሰምቼ አላውቅም። ቀጥሎ የመጣው ሰፈርታስም ቢሆን ጨዋ ነበር፤ ሳህኖቹ ተደራርበው፣ ክዳኑ ከላይ ተቀምጦ፣ ግራና ቀኝ በብረት ይቆለፋል። ፕላስቲክ መጣና ዕቃና ክዳን ተፋቱ።

እንዳልዋሽ ግን ዕቃ የተቀላቀለው በልጄ ዘመን አይደለም። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ድግስ ወይም ልቅሶ ሲሆን ሁሉም ያለውን ያዋጣል። ድስቱ፣ ትሪው፣ ጆጉ፣ ጭልፋው ከየቤቱ ይወጣል። እናቴ ዕቃዎቿ ቂጥ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ታደርጋለች። ጎረቤቷ የጆጉ ጆሮ ላይ ክር ታስራለች። ማዶ ያሉት ሴትዮ ደግሞ በሚስማር የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ይፍቃሉ። ልቅሶው ሲበተን ዕቃ መለየት የሚባል ሌላ ሥራ ይጀመራል፤ ሴቶቹ ትሪ ገልብጠው እያዩ «ይሄ የማን ነው?» ይባባላሉ፤ ያው የኔ ጥያቄ ነው። በሚሊኒየሙ ዓመት፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ከእንዲህ ያለ ልቅሶ አረንጓዴ ነጥብ ያለባት አንዲት ጭልፋ ወደ ቤታችን መጣች። ባለቤቷ አልተገኘችም። ሰፈሩ ፈረሰ፤ ሰዉ ጀሞ፣ ሰሚት፣ ኮዬ ፈጬ ተበተነ። ጭልፋዋ ከኛ ጋር አራት ቤት ቀይራለች። እናቴ አሁንም አጥባ ትሰቅላታለች፤ አንድ ቀን እንኳ ወጥ ጨልፋባት አታውቅም። «የሰው ናት» ትላለች።

ወደ ክዳኑ ልመለስ።

ፍንጩን ያገኘሁት ከእንቁላል ነው። ልጄ ረቡዕና ዓርብ ሁለት እንቁላል ይቋጠርልኝ ትላለች። ሰኞ አንድ ይበቃታል፤ ማክሰኞ ጭራሽ አትፈልግም። እኛ ሞኞቹ «ምግብ ጀመረችልን» ብለን ደስ አለን፤ ባዶ ምሳ ዕቃ ይዛ በመጣች ቁጥር «ጎበዝ! ጨረስሽ!» እያልን አጨበጨብን። ለካ የክፍሏ ልጆች ግማሾቹ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምሳ ነው የሚቋጠርላቸው። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንደማይጾም ሁሉም ያውቃል፤ ግን ቤቱ ሲጾም ማን ለአንድ ልጅ ሌላ ድስት ይጥዳል? ልጁ አይጾምም፤ ምሳ ዕቃው ይጾማል። በነዚያ ሁለት ቀናት ታዲያ የክፍሉ የእንቁላል ገበያ ይደራል። አንድ እንቁላል በድንች ጥብስ፣ ግማሽ እንቁላል በማርማላታ ዳቦ። ሥጋ ወደዚህ ገበያ አይወጣም። የክርስቲያን ነው የሙስሊም ነው የሚል ጣጣ እንዳለው በአምስት ዓመታቸውም ጠርጥረዋል። እንቁላልና ማካሮኒ ግን ጠያቂ የላቸውም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ገበያው ይቀዘቅዝ ይሆናል፤ በሁዳዴ 55 ቀን ስንት እንደሚደርስ ግን እንጃ።

ምሳ ዕቃዎቹ ሁሉ ተከፍተው መሀል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ሲያበቃ ሁሉም ያገኘውን ክዳን ይደፋል። በቃ፣ ምሥጢሩ ይሄ ነው።

እኔም በዚሁ ልተወው ነበር። ግን በማግስቱ በኮሙኒኬሽን ቡኳ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማሳሰቢያ መጣ። ምግብ መካፈል በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ብቻ ይበላል። ልጄም በቃሏ ይዛዋለች፤ «ኖ ሼሪንግ!» አለችኝ ጣቷን እያወዛወዘች።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከዝሆኑ ሥዕል ሥር፣ «ሼሪንግ ኢዝ ኬሪንግ» የሚል በትልቁ ተጽፏል፤ ለምዝገባ ስንሄድ ባለቤቴ ፎቶ አንስታዋለች። ጽዳቱ ይገባኛል። አንዳንድ ልጅ የማይስማማው ምግብ መኖሩም ይገባኛል። ግን ከአንድ ትሪ በልቶ ባደገ አገር፣ ጉርሻ እንቢ ማለት ጠብ በሚሆንበት ቤት ለተወለደች ልጅ፣ ዕቃሽን ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ብቻሽን ብዪ ብሎ ማስተማር፣ ያውም በወር ክፍያ! በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆቹ ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ፤ ለሁሉም ከአንድ ድስት ይቀዳል፣ ክዳን የሚባል ጉዳይ የለም። እኛ ከፍለን ክዳን ገዛን። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። ማሳሰቢያው ከመምጣቱ በፊት ይህችን ልጅ «እንቁላሉን ማን በላብሽ?» ብዬ ያፋጠጥኳት እኔው ነኝ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልኩ ያደግኩት ሰውዬ። «አልበሉብኝም፣ አብረን በላን» አለችኝ፤ አነጋገሬ ግራ ገብቷት።

በንዴቴ እንደጋልኩ በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሚስ በር ላይ አልተቀበለችኝም፤ ጊዜ አልነበራትም። ሠላሳ አምስት ልጅ ምሳ ዕቃውን ዘርግቶ «ሚስ ክፈቺልኝ!» ይላታል። አንዱን በጥፍሯ፣ አንዱን በማንኪያ ጭራ እየፈነቀለች ትከፍታለች። የአንዱ ክዳን ተስፈንጥሮ መስኮቱን መታው። ቀና ብላ አየችኝና «የማን አባት ነዎት?» አለችኝ።

«የቢጫው» አልኳት።

አልሳቀችም። በአገጯ ጥግ ወዳለ ካርቶን አመለከተችኝ። ከሃያ የማያንስ ክዳን አለበት፤ አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ድብ ያለበት፣ ልዕልት ያለበት። ቁጢጥ ብዬ አንድ በአንድ አየሁ። ቢጫ የለም። አንድ ሕፃን አጠገቤ መጥቶ የድንች ጥብስ ሰጠኝ፤ ተቀብዬ በላሁ። ለሚስ ልናገር ያሰብኩትን ሳልናገር ወጣሁ።

ዛሬ ማክሰኞ ማታ ነው። ሰማያዊውን ክዳን በላስቲክ ማሰር ጀምረናል፤ እስካሁን ሁለት ላስቲክ ጠፍቷል። ቂጡ ላይ ቀይ ነጥብ ላድርግበት ብዬ የባለቤቴን የጥፍር ቀለም አወጣሁ፤ ለዕቃው አደረግኩ፣ ክዳኑ ላይ ስደርስ እናቴ ከምስር ለቀማዋ ቀና ብላ አየችኝና መልሼ ዘጋሁት። ልጄ የነገውን ሁለት እንቁላል አዝዛ ተኝታለች። ባለቤቴ «ማሳሰቢያውን አይተሃል አይደል? ስንት ልቀቅል?» አለችኝ። እናቴን አየሁ፤ እሷም የሰው ልጅ ጾም የሚያስፈርስ እንቁላል ቤቷ ሲቀቀል ምን እንደምትል ልሰማ። እናቴ ምስሯን ትለቅማለች፤ አልሰማችም፣ ወይም እንዳልሰማች ሆናለች።

ቆይቼ ኩሽና ገባሁ። ድስቱ ይንተከተካል። ስንት እንደተጣደ አላየሁም፤ የሌላ ድስት ግጣም ተደፍቶበታል።