ግማሽ ቀን የሚፈጅ የብስክሌት ዙር፦ ከእንጦጦ ጀርባ የተደረገ ዳሰሳ

የአገራችን ምሁራን ስለ ዓባይ፣ ስለ አክሱምና ስለ ቡና ብዙ ጽፈዋል። ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ እንጦጦን ተሻግሮ፣ ጸጥ ባለው የሱሉልታ ሜዳ ዞሮ ለምሳ ቤቱ ስለሚመለሰው ብስክሌተኛ ግን እስካሁን የረባ ጥናት የለም። ምክንያቱ ምናልባት ለምሳ የተመለሰ ብስክሌተኛ አለመገኘቱ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል።

በቅድሚያ ብያኔ። «ዙር» ማለት በሄዱበት አለመመለስ ነው። በሄዱበት መመለስ ቀላልና አስተማማኝ ስለሆነ በዕቅድ አውጪዎች ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠራል። «ግማሽ ቀን» ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው፤ የመጨረሻው ሰው ማኪያቶውን ጨርሶ የሚነሳው 2 ሰዓት ተኩል መሆኑ ብያኔውን አይለውጠውም። «ጸጥተኛ ሸለቆ» የሚባለው ደግሞ ዕቅድ አውጪው የማያውቃቸው ሰዎች የሚኖሩበት ቦታ ሁሉ ነው።

ዕቅዱ የሚወጣው ሐሙስ ማታ በቴሌግራም ነው። አንዱ ካርታ ይልካል፤ ካርታው ላይ ሰማያዊ መስመር ይኖራል፤ መስመሩም ተቀምጦ የተሰመረ መሆኑ ከቅልጥፍናው ያስታውቃል። በነጠብጣብ የተመለከተው ክፍል «ውብ የገጠር መንገድ» ተብሎ ይተረጎማል። ነጠብጣቡ ወደ ውኃ መውረጃ መሆኑን ከብቶቹ ያውቁ ነበር፤ ቡድኑ ውስጥ ግን የሉም። ከዚያ የጎማ ስፋት ክርክር ይነሳና እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ይዘልቃል። ፓምፕ ማን ይያዝ የሚለው አይነሳም። ሁሉም ሌላው እንደሚይዝ እርግጠኛ ነው።

የከፍታ ነገር ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በቱር ደ ፍራንስ ታሪክ ውድድሩ ከወጣባቸው ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ሲም ደ ላ ቦኔት ነው፤ 2,802 ሜትር። ፈረንሳዮች ስሙን ሲሰሙ የሚያማትቡበት ቱርማሌ 2,115 ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚያማስል ሰው አንዲት ላብ ሳያፈስ ከቱርማሌ አናት በላይ ይገኛል ማለት ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ከሚገኘው 70 በመቶ ግድም ነው። «ሸለቆ» ያልነው የሱሉልታ ሜዳ ራሱ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ጫፍ ተብሎ፣ ምልክት ተተክሎበት፣ ፎቶ ይነሱበት ነበር። እኛ ግን በትሕትናችን ወርደን እናየዋለን።

አገራችን በብስክሌት ያላት ታሪክም ለዕቅዱ ጠቃሚ ግብዓት ነው። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞቿ አብረው ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህ ሁሉ ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ከአቀበቱ ሥር፣ በሞቀ ስሜት ይወሳል። አቀበቱ አጋማሽ ላይ የታሪክ ውይይቱ ይቋረጣል።

በዚሁ አቀበት ላይ ሌላም የግማሽ ቀን ዙር አለ፤ ካርታ ያልወጣለት። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እንጦጦን ከሸፈነው ወዲህ፣ ማገዶ ተሸካሚ እናቶች በጨለማ ይወጣሉ፤ ቅጠሉንና ጭራሮውን ለቅመው፣ አስረው፣ ጎብጠው ተሸክመው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ጫማቸው ብዙ ጊዜ ኮንጎ ነው። የቴሌግራም ቡድን የላቸውም። በዚህ ጥናት ከታዩት ሁሉ ባሉት ሰዓት ወጥተው ባሉት ሰዓት የሚመለሱት እነሱ ብቻ ናቸው። ብስክሌተኛው ብስክሌቱን እየገፋ ሲወጣና እናት ሲወርዱ መገናኘታቸው አይቀርም። «እንደምን አደሩ እናቴ?» ይላል። ከሸክማቸው ሥር ቀና ለማለት እየሞከሩ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ ተበላሸብህ?» ይላሉ። ብስክሌቱ ምንም አልሆነም። ይሁንና «አዎ እናቴ፣ ካቴናው ነው» ማለት በዘርፉ ተቀባይነት ያገኘ መልስ ነው።

ቁልቁለቱ አጭር ስለሆነ ጥናቱም ያጥራል፤ ፍሬን ይዞ ጸሎት ነው።

ሜዳው ላይ የርቀት መለኪያ ይቀየራል። አስፋልቱ ሩቅ መሆኑን የተጠየቀ ገበሬ «ዲዮዳ» ይላል፤ ቅርብ ነው ማለቱ ነው። ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ የተጠየቀውም እንዲሁ። ይህን ውሸት ያሉ የከተማ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ላብ ያጠመቀውን እንግዳ «ገና ምኑ ተነካ» ማለት ባለጌነት ነው፤ ስለዚህ መልሱ የተሰጠው ለመንገዱ ሳይሆን ለጠያቂው ፊት ነው። ድምፁ በለሰለሰ ቁጥር መንገዱ እንደሚረዝም ልምድ ያላቸው ይመሰክራሉ።

ውሻን በተመለከተ፣ የአገራችን ውሻ ጎንበስ ያለን ሰው ይፈራል፤ ድንጋይ ቢኖርም ባይኖርም ጎንበስ ማለት ይበቃል። ብስክሌት ላይ ሆኖ ጎንበስ ማለት ግን ፍጥነት መጨመር ነው፤ ይህን ደግሞ ውሻ የሚተረጉመው በተቃራኒው ነው። ሕፃናቱ ባለ ጠባብ ቁምጣውን የሰፈራችንን ልጅ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይሸኙታል። በአማርኛ ሲመልስላቸው አማርኛ የሚችል ፈረንጅ ሆኖ ዝናው ያድጋል። ሱሉልታ የሯጮች መለማመጃ ስለሆነ ሯጮችም ከኋላ ይመጣሉ፤ ያልፋሉም። ሲያልፉ «አይዞህ» ይላሉ። ጤነኛ ሰውን እንዲህ የሚያጽናኑት ምን አይተው እንደሆነ አልተጠየቁም፤ ለመጠየቅ መድረስ ያስፈልግ ነበር።

የወቅት ምርጫም የራሱ ሕግ አለው። ክረምት ላይ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። አደይ አበባ ስለሚወጣ ዕቅዱ ሁልጊዜ ለመስከረም ይያዛል፤ ዋልካው ግን መስከረም መጥባቱን ገና አልሰማም። ዋልካ ጎማው ላይ ይጠቀለላል፤ በጎማውና ጎማውን በያዘው ብረት መካከል ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይጠቀጠቃል፤ በእንጨት ሲጎረጉሩት እንጨቱን ያስቀራል። ከዚህ በኋላ ብስክሌቱ ሰው ላይ ይሄዳል። ጥቅምት ቢሻል ይሻል ነበር፤ በጥቅምት ግን ማንም ዕቅድ አያወጣም፤ የመስከረሙ ትዝ ይለዋልና።

ደግሞ እውነት ለመናገር ሜዳው ያምራል። ጭጋጉ ከሣሩ ላይ ሲነሳ፣ የድርቆሽ ክምሩ ብቅ ሲል፣ ባለ ፈረሱ ጋቢውን ደርቦ ሲያልፍ ልብ ይሰረቃል። ይህን ሁሉ የሚያየው ግን የቆመ ሰው ነው፤ የሚጋልበው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ድንጋይ ነው። ስለሆነም ለመልክዓ ምድር አድናቆት ከፍተኛውን አስተዋጽኦ ያደረገው ሜዳው ላይ የፈነዳው ካላማዳሪያና በአካባቢው ያልነበረው ጎሚስታ ነው።

አስፋልቱ በመጨረሻ ይገኛል። ጸጥታው ከጎጃም በኩል በሚመጡ ከባድ መኪኖች የተያዘ ሲሆን፣ ሜዳው ከተራራው ጀርባ በመሆኑ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ እንደገና ዳገት ነው። ይህ ካርታው ላይ ነበር። ሰዓቱ 8 ሆኗል፤ ሱሉልታ ከተማ ጥብስና አምቦ ውኃ ይታዘዛል፤ ከጥብሱም በኋላ ስለ ዳገቱ የሚያነሳ አይገኝም። ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ ሚኒባሱ ያያል።

ረዳቱ ብስክሌቱን ከላይ አገላብጦ ያስርና «ይሄ የሁለት ሰው ቦታ ነው የያዘው» ይላል። ከላይ ሌላ የተጫነ ነገር እንደሌለ ይነገረዋል። «ቢኖርስ ኖሮ?» ይላል፤ ለዚህ ክርክር እስካሁን መልስ አልተገኘም። ይከፈላል። ከአዲሱ ገበያ ማዶ ያለው ቁልቁለት በሚኒባስ ሲወረድ ኪስ ውስጥ ያለው ስትራቫ አሁንም እየመዘገበ ነው፤ ይህ ክፍል በዙሩ ይቆጠራል ወይ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ተከፍለዋል። አብዛኞቹ፣ ስልኩ እስካልጠፋ ድረስ ይቆጠራል ባዮች ናቸው፤ የዕለቱ ከፍተኛ ፍጥነትም የተመዘገበው እዚያ ላይ ነው።