«መንጌ ይሻል ነበር» ለምትሉ

«መንጌ ይሻል ነበር!» ታክሲ ውስጥ ይባላል፣ ቡና ላይ ይባላል፣ ዘይት ሲወደድ ይባላል፣ መንገድ ሲዘጋ ይባላል። የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ አገር ጥሎ ሲሄድ ገና ያልተወለደ ወጣት ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላል ያገራችን ሰው፤ የማያውቁት ዘመን ግን ይኸው ይናፍቃል። ናፍቆትህን አልነቅፍም፣ ወንድሜ። ኑሮ ሲከብድ ሰው ወደ ኋላ ይመለከታል። ከተመለከትክ አይቀር ግን ደህና አድርገህ ተመልከት። እኔም እንደ አመጣጥህ እመልስልሃለሁ።

«ቆራጥ መሪ ነበር» ትለኛለህ።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወታደር ልጎበኝ ነው ብሎ ወደ ደቡብ የተነሳበት አውሮፕላን ያረፈው ናይሮቢ ነው። ከዚያ ሐራሬ። አንድ ሰው እስኪቀር እንዋጋለን እያለ የገበሬ ልጅ ሲያዘምት የኖረ መሪ፣ ሠራዊቱን ምሽግ ውስጥ ትቶ ወጣ። ናቅፋ ላይ፣ አፋቤት ላይ፣ ሽሬ ላይ የወደቀው ልጅ መሄጃ አልነበረውም። ቆራጥ ካልክ እሱን በለው።

«እሺ፣ አገር ግን አንድ ነበረች።»

የትኛዋ? ሥልጣን ሲይዝ ኤርትራ ውስጥ የነበረው ጦርነት ሲወጣ አሥር እጥፍ ብሶ ነበር። ምጽዋ ከእጁ የወጣችው በየካቲት 1982 ነው፣ እሱው ቤተ መንግሥት ተቀምጦ። በሰኔ 1980 ሐውዜን ላይ ገበያ የወጣን ሕዝብ በአውሮፕላን አስደበደበ። በራሱ አገር፣ በገበያ ቀን! እናትና ልጅ እህል ሊሸጡ በወጡበት ቦምብ የጣለ መንግሥት አንድነትን ጠበቀ አይባልም። ጄኔራሎቹ ይህ ጦርነት በጠመንጃ አያልቅም ብለው ግንቦት 8 ቀን 1981 ተነሱበት። አልተሳካላቸውም፤ በዓመቱ አሥራ ሁለቱን አስረሸናቸው። አንድ ዓመት ቆይቶ ራሱ ሸሸ። ጦሩን የሚመሩትን አዋቂዎች ጨርሶ ነው አገሪቱን ሜዳ ላይ የጣላት።

ሐምሌ 1969 የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ሲወረን የተደረገውን አልክድም። ያ ተጋድሎ ታላቅ ነው። ግን ጅጅጋን ያስመለሰው ከየቀዬው ተነቅሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሻ ነው፤ የኩባ ወታደርም አብሮት ደሙን አፍስሷል። ድሉን ለባለ ድሉ ስጥልኝ።

«ያኔ የብሔር ፖለቲካ የሚባል ነገር አልነበረም» የምትለዋ ደግሞ በጣም ታስገርመኛለች። ሚያዝያ 1968 የወጣውን የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም አንብብ፤ ብሔረሰቦች ራሳቸውን የማስተዳደር መብት እንዳላቸው ጽፎ ያወጀው ወታደራዊው መንግሥት፣ ደርግ ነው። የብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት አቋቁሞ የእያንዳንዱን ብሔረሰብ አሰፋፈር ያስጠናው ደርግ ነው። በ1979 ሕገ መንግሥት አወጣ፤ ወዲያው ኤርትራን፣ ትግራይን፣ አሰብን፣ ድሬዳዋን፣ ኦጋዴንን ራስ ገዝ ብሎ ሰየመ። ኢሕአዴግ ከዚያ በኋላ ያደረገው የራሱ ነው፣ ለብቻው ይጠየቅበት። መንገዱ ከየት እንደጀመረ ግን ለልጅህ በትክክል ንገረው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። «መሬት ለአራሹ ሰጥቷል» ስትለኝ ዝም ብዬ አላልፍህም፤ እውነት አለህና። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ጭሰኛን ከባለርስት ነጻ አውጥቷል። ሲሶና እኩል እየገበረ፣ በዚያ ላይ ጉልበቱን በነጻ እየሰጠ የኖረ ገበሬ በአንድ ቀን ቀና አለ። እኔ ይህን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፣ የሚነቅፍም ካለ የጭሰኛን ኑሮ አያውቅም። ነገር ግን «መሬት ላራሹ» እያለ በየካቲት 1957 ፓርላማ ደጃፍ የወጣው ተማሪ ነው። ጥያቄው የእነሱ ነበር። ደርግ አዋጁን አወጀ፣ ከዚያ ጥያቄውን ያነሱትን ልጆች እያሳደደ ገደለ። ዘመቻ ብሎ ገጠር የላካቸው ተማሪዎች አዋጁን ለገበሬው አስረዱለት፤ ሲመለሱ ብዙዎቹን የጠበቃቸው እስር ቤትና ጥይት ነው።

አዋጁን ደግሞ እስከ ታች አንብበው። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይከራይም፣ በዋስትና አይያዝም። ባለርስቱ ወጣ፤ መንግሥት ገባ። ገበሬው ያመረተውን መንግሥት በቆረጠለት ዋጋ ኮታ እንዲያስገባ ተገደደ። መንደር ምሥረታ ተብሎ ከአባቱ ደጅ ተነቅሎ ጎጆውን አፍርሶ ሌላ ቦታ እንዲሠራ ታዘዘ። መሬቱ የእሱ ቢሆን ኖሮ ማን ተነስ ይለው ነበር?

የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ትልቁ ውርስ ይኸውልህ፣ ከሐውልቱም ከመፈክሩም በላይ። ያሸነፉት ሰዎች ያፈረሱት ብዙ ነው፤ ጦሩን በተኑት፣ ፓርቲውን አፈረሱት፣ የሌኒንን ሐውልት ጣሉት። መሬቱን ግን አልለቀቁትም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሎ ጸና። ጠመንጃ ይዞ የተዋጋው ሁሉ ሲገባ በዚህች ነገር ከሰውየው ጋር ተስማማ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሬቱን የያዘ መንግሥት ገበሬውንም ከተሜውንም ይይዛል። ዛሬ ቤትህ ይፈርሳል ሲሉህ ካርታህን ይዘህ ወረዳ ለወረዳ የምትንከራተተው በማን ሥሪት ይመስልሃል?

ቀበሌስ? ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ፣ ቦታው ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ። ኪራዩ ከመቶ ብር ያልበለጠው ቤት ቀበሌ እጅ ገባ። ድሃው ኪራይ ቀነሰለት፣ ደስ አለው፤ ይህንንም አልሸሽግም፣ እስከ ዛሬ በቀበሌ ቤት ልጆቹን አሳድጎ ዳር ያደረሰ ስንት ቤተሰብ አለ። ቀበሌ መጀመሪያ የነዋሪው ማኅበር ነበር፤ ሠፈርተኛው የመረጠው፣ የሠፈርተኛውን ጠብ የሚዳኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጠመንጃ ታደለው፣ አብዮት ጥበቃ ተቋቋመለት። ስኳርህን የሚሰጥህ፣ መታወቂያህን የሚጽፍልህ፣ ልጅህ ማታ የት እንዳደረ የሚያውቅ፣ በር አንኳኩቶ የሚወስደውም ያው አንዱ ቢሮ ሆነ። በኋላም ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሲመጣ ወጣቱን ከየጎዳናው ለቅሞ መኪና ላይ የጫነው ይኸው ቢሮ ነው። አንድን ሕዝብ ለመግዛት ይህን ያህል ቅርብ የገባ መሣሪያ ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ አልነበረም። ንጉሡ እንኳ ይህ አልነበራቸውም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አሜሪካ ድረስ ሄዶ የተገኘ ነው። አትላንታ ውስጥ አንድ ሆቴል የምትሠራ ኢትዮጵያዊት አንድ ቀን እዚያው ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ የሚሠራ ሰው አየች። አወቀችው። አዲስ አበባ ከቀበሌ በላይ ያለው የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ሆኖ ያስገረፋት ሰው ነበር። እሷ ብቻዋን አልቀረችም፤ ሌሎች ሁለት ሴቶች አብረዋት ቆሙና ከሰሱት። የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ1985 ለእያንዳንዳቸው አምስት መቶ ሺህ ዶላር ፈረደላቸው። ሰውየው በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ፣ የዕድሜ ልክ ፍርዱም እዚያው ጠበቀው። ይህ ሰው ጄኔራል አልነበረም፣ ሚኒስትር አልነበረም። የሠፈር ሊቀመንበር ነበር። ቀይ ሽብር፣ ያ ደርግ በተቃዋሚዎቹ ላይ ያካሄደው ግድያ፣ የአንድ ሰው ሥራ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰው ይቆም ነበር፤ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ ስላሠለጠነ ነው የተስፋፋው።

«ኢሕአፓም ይገድል ነበር!»

አዎ፣ ደርግን የተቃወመው ይህ ፓርቲም ገድሏል። ማንም አይክደውም፣ ቤተሰባቸውን በኢሕአፓ ጥይት ያጡ ሰዎችም ኀዘናቸው ኀዘን ነው። ግን የዘመን ቅደም ተከተል አታፋልስብኝ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች፣ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩ ሰዎች ጭምር፣ ያለ ፍርድ አንድ ሌሊት ተረሸኑ። ኢሕአፓ ስሙን በአደባባይ ያሳወቀው ነሐሴ 1967 ነው። ዘጠኝ ወር ይቀድማል። ንጉሠ ነገሥቱንስ የገደለው የትኛው ኢሕአፓ ነው? አስከሬናቸው በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ነው የወጣው። ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንስ? ጥር 26 ቀን 1969 ራሱ የደርጉ ሊቀመንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ከነባልደረቦቻቸው ሲገደሉስ? ሚያዝያ 9 ቀን 1969 በአብዮት አደባባይ በሕዝብ ፊት ደም የሚመስል የሞላበትን ጠርሙስ መሬት ላይ የፈጠፈጠው ደግሞ የአገር መሪ ነው። ሽፍታ ቢያደርገው ሽፍታ ነው እንላለን። መንግሥት ፍርድ ቤት አለው፣ ወህኒ አለው፣ ሕግ አለው። ልጅ ገድሎ እናቱን አታልቅሺ የሚል፣ ሬሳ ለመስጠት የጥይት ዋጋ የሚያስከፍል መንግሥት በምንም ሌላ ወንጀል አይሸፈንም።

በኋላ ፍርድ ቤት ሲፈርድበትም «የፈረደበት ጠላቱ ነው» የሚሉ አሉ። የተከሰሰበት ሕግ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው፣ አንቀጽ 281። ንጉሡ ያወጡት፣ ደርግም አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይሽረው የገዛበት። ማስረጃውም አብዛኛው የደርግ የራሱ ወረቀት ነው፤ ፊርማና ማኅተም ያለበት ትእዛዝ። ችሎቱ መጓተቱ ያናድዳል፤ በ1987 የተጀመረ ነገር ፍርዱ የተሰጠው በ1999 ነው፣ የሞት ቅጣቱ ደግሞ በ2000። ተበዳዮቹ ስንቶቹ ሳይሰሙት ሞቱ። ይህ የፍርድ ቤቱ ጥፋት ነው እንጂ የሰውየው ንጽሕና አይደለም። ደግሞ አውሮፓም ፈርዷል፤ በ2010 የሄግ ፍርድ ቤት በደብረ ማርቆስ እስረኞች ላይ ለተፈጸመው ግድያ አንድ የደርግ ሹም ላይ ዕድሜ ልክ በይኖበታል። ሆላንድም ጠላቱ ነው?

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ግን አመሰግናለሁ። በ1971 ተጀምሮ በአሥራ አምስት ቋንቋ ሽማግሌና አሮጊት ፊደል ቆጠሩ፣ ዩኔስኮም ሸልሞበታል። ፊደል ያስቆጠረው ግን በገጠር ጎጆ ውስጥ በኩራዝ ብርሃን ያስተማረው ወጣት ነው፣ ምስጋናውን ከሱ አትቀማው። በዚያው ዘመን፣ መስከረም 1977፣ ወሎና ትግራይ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ አዲስ አበባ ላይ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሰልፍና ድግስ ነበር። ረሀቡን ዓለም የሰማው ከድግሱ በኋላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስታውስ፤ አንዱን መርጠህ አትያዝ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። ሰውየው ሄደ፣ አነጋገሩ ግን አፋችን ውስጥ ቀረ። ያኔ አድኃሪ፣ አናርኪስት፣ ፀረ አብዮት ይባል ነበር። ስሙ ከወጣልህ በኋላ ምን አደረግህ ብሎ የሚጠይቅህ የለም፤ ነጻ እርምጃ ይወሰድብሃል፣ ያለ ፍርድ ትገደላለህ። ዛሬስ? በሐሳብ የተለየህን ሰው ከሐዲ፣ ባንዳ፣ ተላላኪ ስትለው፣ ስሙን ካወጣህለት በኋላ የሚመጣበት ነገር ግድ ሳይሰጥህ ስትቀር፣ አንተ የማን ልጅ ነህ? ፌስቡክ ላይ «ይጥፉ» ብለህ ስትጽፍ ያቺ ጣትህ የማን ተማሪ ናት? መንግሥቱን ትጠላለህ፣ ወይም ትወደዋለህ፤ ሁለታችሁም ግን በሱ አፍ ትናገራላችሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ሐራሬ የተቀመጠ ሽማግሌ አይደለም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መስቀል አደባባይ ዳር የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ግባና ግድግዳውን እይ። ፎቶ ነው፣ ከላይ እስከ ታች፤ ዩኒፎርም የለበሱ፣ አፍሮ ያበጠሩ፣ የተማሪ መታወቂያ ላይ የተነሱ ልጆች። በመስታወቱ ውስጥ ደግሞ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንት አለ፣ አብሮት የተገኘው ልብስና ጫማም። ዕድሜያቸውን አስላ። አብዛኛዎቹ ዛሬ «መንጌ ይሻል ነበር» ከሚለው ወጣት ያንሳሉ።

ከዚያ ቤትህ ግባና አባትህን ጠይቅ፣ አክስትህን ጠይቅ፣ ጎረቤትህ ያሉትን እማማን ጠይቃቸው። በ1969 ሃያ ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ሰባኛውን እየደፈነ ነው። ብዙዎቹ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው የለም፤ እነሱም ሆድ ይፍጀው ብለው ተቀምጠዋል። ስልክህ ድምፅ ይቀዳል፤ ጠይቅና ቅዳ። ከዚህ በኋላ ልትሟገተኝ ከፈለግህ የእነሱን ቃል ይዘህ ና።